መገበሪያው የከበደባት ሴት

እመቤታችን ኪዳነ ምሕረት ዘንጋ በሚባል ወንዝ ላይ ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ ፍቅሯ በሁላችን ልብ ይደር፤ እናንተም ጠጋ በሉና ስሙኝ ።

የብርጓል የምትባል አንዲት ሴት ነበረች፤ ለእመቤታችን ሰላምታዋን ሳታደርስ እህል ውሃ የማትቀምስ፣ በየዓመቱም በፍልሰታ ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆነውን ስንዴ፣ መገበሪያውን ማለቴ ነው፣ በገዛ እጇ ለቅማ የምታስገባ ነበረች ። ነገር ግን ወንዝ ትፈራለች፤ ታላቅ ወንድሟን ዓይኗ እያየ ዘንጋ ከወሰደው ወዲህ የውሃውን ድምፅ ስትሰማ ፊቷን አዙራ ትመለሳለች ። ስለዚህ ስንዴውን ከወንዙ ማዶ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን የሚያሻግርላት አያ ተሻለ የሚባል ጎረቤቷ ነበር ።

አንድ ዓመት ግን ነሐሴ ዐሥራ አምስት ቀን አያ ተሻለ እግሩን እሾህ ወግቶት አብጦ ተቀመጠ፤ ወንዙም ሞልቶ ግንድ ያንከባልላል፤ ከማዶ ደግሞ አባ ወልደ ሚካኤል የሚባሉ አረጋዊ ቄስ፣ ዱቄቱ አልቋልና ስንዴው ዛሬ ካልደረሰ የነገው የኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ መታጎሉ ነው እያሉ ይጣራሉ ። እርሷም ስልቻዋን ተሸክማ ዳር ቆመችና፣ እየፈራሁ ብገባ እመቤቴ እምነት የላትም ብላ ትተወኛለች፣ መጀመሪያ ፍርሃቱ ይውጣልኝ ብላ ትጠብቅ ጀመር፤ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ ፍርሃቱ ግን ንቅንቅ አላለም ። ከወንዙ ዳር የተቀመጠው አያ ተሻለም፣ «አንቺ ሴት፣ ወንዙ እስኪደርቅ ከሆነ የምትጠብቂው እስከ ኅዳር የሚበቃ ስንቅ ያዢ» አላት ።

ከዚያም የሆነባትን ጮኻ ለአባ ብትነግራቸው፣ «ልጄ፣ ፍርሃቱንም ይዘሽው ነይ፤ እሷ የምትወድሽ ከነፍርሃትሽ ነው» አሏት ።

እርሷም እየተንቀጠቀጠች ገባችና ውሃው ወገቧ ሲደርስ፣ እመቤቴ ሆይ ሸክሜን አቅልይልኝ ብላ ለመነች ። ኧረ የት ይቀልላል፤ ስንዴው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደና ትከሻዋን ተጫናት፣ እግሯም አሸዋው ውስጥ ተተከለ ። እርሷም፣ «እንዲህ ነው እንዴ እመቤቴ፤ አቅልይልኝ ብልሽ ትጨምሪብኛለሽ?» ብላ አለቀሰች ። ወዲያውም ከላይ ደራሽ ውሃ መጣና እስከ አንገቷ ዋጣት፤ የዳሩን ግራር ከነሥሩ ነቅሎ ይዞት ሄደ፤ እርሷን ግን ከዚያ ሸክም ክብደት የተነሣ ከቆመችበት ሊያነቃንቃት አልቻለም ።

ውሃው ጋብ ሲልም እየዳኸች ወጣች ። አባም ስልቻውን በአንድ እጃቸው ብድግ አደረጉት፤ እንደ ወትሮው ሁለት ቁና ስንዴ ነው፤ በፈቱትም ጊዜ አንዲት እርጥብ ፍሬ አላገኙበትም ። ያን ጊዜ የብርጓል ጥርሷ እየተንገጫገጨ እልል አለች፤ አያ ተሻለም ከወዲያ ማዶ ባበጠ እግሩ ተነሥቶ ሰገደ፤ ቅዳሴውም በማግሥቱ በሰዓቱ ተቀደሰ ።

ታዲያ ፍርሃቱ ለቀቃት ወይ ብትሉኝ አልለቀቃትም፤ እየፈራች በየዓመቱ መገበሪያዋን ራሷ ታሻግራለች ።

ለእኛም ለሰማነው፣ ጉልበታችን በከዳን ቦታ ሁሉ ቀድማ ትቁምልን፤ የለመናትን ብቻ ሳይሆን የሚያድነንን ትስጠን፤ ለዘላለሙ አሜን ።