የጋሽ ንጋቱ ቁልፍ

በእኛ ከተማ ለሰው አደራ ሲሰጥ የሚነገር አንድ አባባል አለ። ብዙዎች ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ይመስላቸዋል። ተሳስተዋል፤ መጀመሪያ ሲነገር የሰሙ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

ደብረ ብርሃን፣ ኮንዶሚኒየሙ ሰፈር፣ አንድ እድር አለ። መዋጮውን እትዬ ሙሉጎጃም ቤት ለቤት እየዞሩ ይሰበስቡ ነበር። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ደረጃውን እያለከለኩ ይወጣሉ፣ ያንኳኳሉ፣ ተቀብለው ደረሰኝ ይቆርጣሉ።

በኋላ ይትባረክ የሚባል ወጣት ቢሮ ከፈተ። ሥራው ክፍያ መሰብሰብ ነው። ሰው አንድ ጊዜ ፈርሞ ይፈቅድለታል፤ እሱ በየወሩ በቀጥታ ከባንክ ሒሳቡ አስቆርጦ ለትምህርት ቤቱም ለእድሩም ያስገባል፣ ለድካሙ ጥቂት ይወስዳል። አንዳንዶች ሲያወሩት ሌባ ያደርጉታል። ሌባ አልነበረም፤ ከማንም ላይ ያለአግባብ አንዲት ሳንቲም አልነካም።

የእድሩ ዳኛ አቶ ወንድይፍራው ነገሩን ወደዱት። በስብሰባው የተቃወሙት ጋሽ ንጋቱ ብቻ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ።

«ሙሉጎጃም ካልመጣች ማን ሊመጣ ነው?» አሉ።

«ማንም አይመጣም ጋሼ» አለ ይትባረክ። «ጥቅሙም እሱ ነው። ማንም አያስቸግርዎትም።»

«ኧረ አስቸጋሪውስ እኔ ነኝ። ቁጭ አድርጌ የአሰብን መንገድ ከነመታጠፊያው ነው የማወራላት።»

ሰው ሳቀ።

«ንጋቱ፣ በል ፈርምና ጉልበቴን አሳርፈው» አሉ እትዬ ሙሉጎጃም።

ፈረሙ። ከዚያ ከኪሳቸው ትርፍ ቁልፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ገንዘቤን ከፈቀድኩ ቤቴን ምን ልከልክል? ብወድቅ በሬን እንዳትሰብሩት፤ ገና አዲስ ነው።» ቢሮ ያለው ይትባረክ ስለሆነ ዳኛው ቁልፉን ለእሱ ሰጡት። እሱም መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ድሮ አንድ አባል መዋጮ ሲያቋርጥ የእድሩ ሰዎች ቤቱ ይሄዱ ነበር። ታሞ ይሆናል፣ ወይ ቸግሮት ይሆናል ብለው ነው። አሁን ግን የሚያቋርጥ ጠፋ። ጡረታው ይገባል፣ መዋጮው ይቆረጣል። ዳኛው በየስብሰባው ይትባረክን ያመሰግናሉ። የማንም ቤት ግን የሚሄድ አልነበረም።

ክረምት ላይ የጋሽ ንጋቱ ልጅ ስንዱ ከጅማ ለዳኛው ደወለች። የአባቷ ስልክ መጀመሪያ ይጠራል ግን አይነሳም፤ ኋላ ጭራሽ ጠፋ። ልቧ ፈርቷል። አቶ ወንድይፍራው ወዲያው ይትባረክ ዘንድ ደወሉ።

«ጋሽ ንጋቱ እንዴት ናቸው?»

ይትባረክ ኮምፒውተሩን አየት አደረገ። «ደኅና ናቸው። ትናንት ከፍለዋል።»

ዳኛውም ለስንዱ ይህንኑ ነገሯት። የከፈለ ሰው ደኅና ነው ብላ እሷም አመነች፤ ግን እምነቷ ብዙ አልቆየም። አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች።

በሩ አልከፈት ሲላት ለዳኛው ደወለች፤ ይትባረክ ቁልፉን ይዞ ደረሰ። ጋሽ ንጋቱ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወድቀው ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ስልኩ ከጠረጴዛው ላይ ነው፤ እጃቸው አይደርስበትም። እጃቸው ላይ ጭልፋ አለ። ከጭልፋው ሥር የወለሉ ሲሚንቶ አንድ ቦታ ላይ ተቀጥቅጦ ተፈርፍሯል። ከሥር ያለው ቤት ግን ተከራይ አልነበረውም።

ሐኪሙ ከወደቁ በኋላ ቀናት ቆይተው ነው የሞቱት አለ። ዳኛው ይትባረክን የጠየቁ ዕለት በሕይወት ነበሩ።

እድሩ በሥርዓት ቀበራቸው። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ንፍሮውም አልጎደለም፤ መዋጯቸው ተሟልቶ የተከፈለ አባል ነበሩ።

ከቀብር መልስ ይትባረክ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ዳኛው ፊት አስቀመጠ።

«ፈቃዳቸው ነበረኝ» አለ ዝግ ብሎ። «ፈርመው ነው የሰጡኝ። ቁልፉም እጄ ላይ ነበር።»

«እኔም ጉልበቴን አሳረፍኩ» አሉ እትዬ ሙሉጎጃም፣ ወደ መሬት እያዩ።

ስንዱ ቀና አለች። «አባቴ እኮ ሲያንኳኳ ነው የሞተው።»

አቶ ወንድይፍራው ቁልፉን አንስተው በእጇ አስያዟትና ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም፤ ጠይቄህ በመልስህ ረክቼ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ግን፣ ልጄ፣ ቁልፍ ቢሰጡህም አንኳኳ።»