ልጁ የሸሸችው ወጌሻ

አንድ እሸቴ የሚባል ወጌሻ ነበረ። አጥንቱ የወለቀ፣ የተሰበረ ሰው ሲያመጡለት እጁን ቅቤ ይቀባና ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ እያነሳ ሕመምተኛውን ያጫውተዋል። ሰውዬው ሊመልስለት አፉን ሲከፍት አጥንቱ ቦታው ገብቷል። እሸቴ ሰውን የሚያመው የቱ ጋ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሚያውቀውም እንዳይነካው ብሎ ነው።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ጓንጉል የሚባል ጎረቤቱ በድንበር ጠብ ታናሽ ወንድሙን ገደለበት። ሽማግሌዎች ጓንጉልን አንገቱ ላይ ድንጋይ አሸክመው ለይቅርታ ይዘውት መጡ። እሸቴ ፊቱን አዞረ።

“ልጄ፣ ሐዘንህ ገብቶናል” አሉት አባ ወልዴ፣ የሽማግሌዎቹ ታላቅ። “ካሳ በል፣ አገር ይልቀቅልኝ በል፣ እናስፈጽማለን። ብቻ አንተ እጅህን አታስገባ።”

“የሞተው የእናቴ ልጅ ነው እኮ አባባ! እናንተ ምን አለባችሁ?”

ምነው ያን ቀን ሰምቷቸው ቢሆን!

በሦስተኛው ቀን ጓንጉል በእሸቴ ጓሮ በኩል ሲያልፍ ያዘው። አልገደለውም። ሰው ሲያድንበት የኖረውን እውቀት ሰው ማሰቃያ አደረገው፤ ሁለቱንም እጆቹን ከትከሻ እስከ ጣት አንዷን መገጣጠሚያ ሳይዘል አወላለቃቸው። ሰው ደርሶ አስጣለው። ጓንጉል ነፍሱ ተረፈች፤ ከዚያ ወዲህ ግን በገዛ እጁ ጎርሶ አያውቅም።

“ወንድ ነው፣ ልክ አስገባው!” ያሉም ነበሩ። እሸቴም ይቀለኛል ብሎ ነበር፤ ምን ሊቀለው! ሐዘኑ እንዳለ ነው። ሕመምተኛ ሲመጣለት እንደ ድሮው የሚያወራው ነገር ጠፋበት። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት “ኧረ ስለ ማርያም፣ ቀስ!” ብለው ሲለምኑት እጁ ጭራሽ ሲጠብቅ ተሰማውና ደነገጠ። ወሬው ተዛመተ፣ ደጁን የሚረግጥ ጠፋ።

አንድ ልጅ አለችው፣ ስንዱ። ከወንዝ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አዳለጣትና ትከሻዋ ወለቀ። እያለቀሰች ቤት ገባች።

“ነይ የኔ እመቤት፣ አሁኑኑ ይሻልሻል” ብሎ ተንደርድሮ ተነሳ።

ስንዱ የታመመ ክንዷን በደህናው አቅፋ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

“አባዬ፣ አትንካኝ።”

“እኔ ነኝ እኮ ስንድዬ፣ አባትሽ!”

“አውቃለሁ። ጋሽ ጓንጉልን ያን ሁሉ ስታደርገው እዚያው ጓሮ ነበርኩ። ሌላ ሰው ጥራልኝ።”

ቢለምን፣ ቢያባብል እምቢ አለች። የሁለት ሰዓት መንገድ ሮጦ ከማዶ መንደር ሌላ ወጌሻ አመጣላት፣ እሸቴ ራሱ ግን ደጅ ቀረ። ከውስጥ ሕመሙ ሲጠናባት “አባዬ! አባዬ!” እያለች ጮኸች። ተነስቶ በሩ ድረስ ሄደ። መግባት አቃተው። ደጁ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እሸቴ ተበድሏል፣ ማንም አይክደውም። ግን በጠላታችን ላይ የምንፈጽመው ጭካኔ እዚያው ጠላታችን ጋ አይቀርም፤ ተከትሎን ቤታችን ይገባል፣ እኛንም ሌላ ሰው ያደርገናል። ወንድሙን የነጠቀው ጓንጉል ነው፤ ልጁን ያሸሸበት ግን ማንም አይደለም፣ ራሱ ነው። እስቲ እኛም በተቀየምነው ሰው ላይ እጃችንን ከማንሳታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ በዚሁ እጅ ቤት ገብተን የምናቅፈው ማንን ነው?