ጀርባውን ለግርግሙ የሰጠው እረኛ

«የሰው ሸክላ ስታይ የራስህ ጭቃ ይደርቅብሃል» ይል ነበር አሉ የሸክላ ሠሪው የብላስ አባት። ብላስ ግን ይህን ነገር በቃሉ ያዘው እንጂ በልቡ አልያዘውም ይባላል።

በስፔን ተራሮች መካከል ቫልዴሮካ የምትባል መንደር አለች። የዚያ አገር ሰው ገና ሲቃረብ በየቤተ ክርስቲያኑ ቤተ ልሔምን በሸክላ ይሠራል፤ ተራራውን ከቡሽ፣ ወንዙን ከመስተዋት ስባሪ አድርጎ ሕፃኑን በግርግም ያስተኛል፤ ሦስቱን ነገሥታት ከነግመሎቻቸው በሩቅ ያቆምና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያስጠጋ በነገሥታቱ በዓል ከግርግሙ ያደርሳቸዋል። በቫልዴሮካ ግን አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ሰዉም በጉም ወደ ሕፃኑ ሲያይ፣ ከሁሉ ኋላ የቆመ አንድ ሽማግሌ እረኛ ብቻ ጀርባውን ለግርግሙ ሰጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያያል። በሩም በረዶ ቢጥል እንኳ ቅዳሴ እስኪያልቅ አይዘጋም።

እንደሚነገረው፣ ይህ እረኛ ጥንት የሚቆመው ከግርግሙ አጠገብ ነበር። የሠራውም ብላስ ነው፤ በሟች አባቱ መልክ። ብላስ ከፊደል ብዙ ያልዘለቀ፣ ጭቃ ሲረግጥ እንኳ ጸሎት ከአፉ የማይለይ ሰው ነበር። አንድ ዓመት ፌርሚን የሚባል ወጣት ሸክላ ሠሪ ከቆላ መጥቶ ከጎኑ ቤት ያዘ። የልጁ እጅ የተባረከ ነበርና የሠራው እረኛ አሁን ሊናገር ነው ያሰኝ ነበር። ቄሱም አይተው ተደነቁና ያን ከግርግሙ አጠገብ አቁመው የብላስን አባት በመስተዋቱ ወንዝ ላይ ካለው ትንሽ ድልድይ ማዶ አወጡት። ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶችም «የብላስ አባት በስተርጅና ድልድይ ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ» እያሉ ሳቁ አሉ።

ያን ጊዜ ቅናት ብላስን፣ በደንብ ሳይደርቅ እሳት እንደገባ ገንቦ፣ ከውስጥ ሰነጠቀው። የፌርሚን ምድጃ ሲጨስ ዓይኑ የሚቃጠለው የብላስ ነበር፤ የፌርሚን በር ሲንኳኳ የሚደነግጠው የብላስ ልብ ነበር። ተንበርክኮም «ጌታዬ፣ ይህን ቅናት ከልቤ አንሳልኝ፤ ግን አስቀድመህ የሱን እረኛ ከዚያ አንሳልኝ» ብሎ ጸለየ ይባላል።

እረኛው ሳይነሳ የገና ዋዜማ ደረሰ። መንደርተኛው ለውዝ በማር እያበሰለ የበዓሉን ጣፋጭ ሲሠራ ብላስ በቀትር ብቻውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባና አባቱን ወደ ቦታው ሊመልስ እጁን ዘረጋ። ነገር ግን ይህን ቢያደርግ ማን እንዳደረገው ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ አባቱን ተወውና የፌርሚንን እረኛ ጀርባውን ለሕፃኑ አዙሮ አቆመው፤ ሰዉ አይቶ ፌርሚንን ደፋር፣ ጌታን የማያከብር እንዲለው ነው።

ሲመሽ ሰው ለቅዳሴ ተሰበሰበ፤ ማጉረምረምም ተጀመረ። ብላስ ገና ባልተዘጋው በር ጥግ ተቀምጦ ፌርሚን የሚያፍርበትን ሰዓት ይጠብቅ ነበር። በዚህ መካከል በረዶ የለበሰ አንድ የማያውቀው በቅሎ ነጂ ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ቅናት ዝም አያሰኝምና ብላስ ወደ እረኛው እየጠቆመ «እንዲህ ያለ ነውር አይተው ያውቃሉ?» አለው። እንግዳው መለሰለት። ያን መልስ ከፊታቸው የተቀመጡትም ሰሙት፤ አንዱ ለሌላው አቀበለውና ማጉረምረሙ ቆመ፤ ሰዎቹም ፌርሚንን በአድናቆት ያዩት ጀመር። ፌርሚን ግን ተነሥቶ «እኔ አላዞርኩትም፤ ምስጋናው ላዞረው ይሁን» አለ። ብላስም ሊያዋርደው ባሰበበት ነገር ያ ልጅ በሰው ፊት ሁለት ጊዜ ሲከብር አየ። ምስጋናውን እንዳይወስድ ተንኮሉ ይታወቅበታል፤ ዝም እንዳይል ልቡ ይከሰዋል። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ኋላ ጭቃ ሲቆፍሩ ለፌርሚን ነግሮታል የሚሉ አሉ፤ ለእግዜር እንጂ ለሰው አልነገረም የሚሉም አሉ። ሁሉም የሚስማሙበት ግን፣ በዓመቱ ብላስ አባቱን ከድልድዩ አንሥቶ ከሁሉ ኋላ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ እንዳቆመው ነው።

ፌርሚን አይቶ ደነገጠ፦ «አጎቴ ብላስ፣ የኔን እናንሳና አባትዎን ከሕፃኑ አጠገብ እናቁማቸው። ጀርባ መስጠቱ ለኔው እረኛ ይሁን፤ አባትዎ እንዴት ለጌታ ጀርባቸውን ይሰጣሉ?»

ብላስ ከራሱ አንድ ቃል አልጨመረም አሉ፤ በቅሎ ነጂው የነገረውን እንዳለ ደገመለት። ዛሬም በቫልዴሮካ ልጆች ስለ እረኛው ሲጠይቁ ሽማግሌዎቹ የሚመልሱት፣ ያ እንግዳ በዚያ ምሽት ለብላስ የተናገረውን ነው፦

«በረዶው ውስጥ ቆሜ ሳይ፣ ሰዉም ሸክላውም ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበርና አልፌ ልሄድ ነበር። ያ እረኛ ብቻ ገና የሚመጣ ሰው አለ ብሎ ወደ በሩ ያያል። እሱን አይቼ ነው የገባሁት።»