አስታዋና የጓሳው መጥረጊያ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያላችሁ፣ ሹክሹክታውን ተዉና ስሙኝ።

ድሮ፣ ዛፍም ዕቃም አፍ በነበረው ዘመን፣ ደብሪቱ የምትባል የደጋ ልጅ ቆላ ተዳረች። ስትሄድ ከተራራው ላይ አስታ የምትባል አንዲት ድንክ የብርድ አገር ዛፍ ከነሥሯ ነቅላ ወሰደችና ደጇ ላይ ተከለቻት። "አንቺን ሳይ አገሬን ያየሁ ይመስለኛል" አለቻት።

አስታዋ ግን ምን ታድርግ? ጉም የለ፣ ውርጭ የለ። ፀሐይዋ ሥሯን ታቃጥላታለች። ደብሪቱ ደግሞ ባለሙያ ናት፤ ግቢዋ ውስጥ ቅጠል ወድቆ አያድርም። ጠዋት ጠዋት የአስታዋን ሥር ጥርግ አድርጋ መሬቱን ራቁቱን ታስቀረዋለች። ጎረቤት ጽዳቷን ያደንቃል፤ አስታዋ ትደርቃለች።

አስታዋ ፍየሏን ለመነቻት። "እሜቴ ፍየል፣ አንቺ ተራራ ትወጫለሽ፤ ጥቂት ጉም አምጭልኝ።"

"ጉምሽን በምን ልያዘው? የእኔ አፍ የሚይዘው ቅጠል ነው" አለችና ፍየሏ አንድ ቀንበጥ ቀንጥባባት ሄደች።

እንስራዋን ለመነቻት። "እትዬ እንስራ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ።"

"ማታ ማታ አፈስልሻለሁ፤ ፀሐይዋ ደግሞ ትጠጣብኛለች። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ እህቴ?"

በመጨረሻ መጥረጊያውን ጠራችው። እሱም ከዚያው ተራራ የታጨደ የጓሳ ሣር ነው፤ ከደብሪቱ ጋር ነው የመጣው።

"አንተ የአገሬ ልጅ፣ ለምን ትገድለኛለህ?"

"እጅ ይዞኝ ነው። አገራችን ሳለሽ ማን ሥርሽን ጠርጎ ያውቃል? ቅጠሉ በቅጠል ላይ እየወደቀ ያለብስሽ ነበር።"

"ናፈቀኝ" አለችው።

"እኔንም" አላት።

በማግስቱ ደብሪቱ ስትጠርግ መጥረጊያው ማሰሪያውን ለቀቀ። ጓሳው ሁሉ አስታዋ ሥር ተበተነ። ልትጥለው ጎንበስ አለችና እጇ እምቢ አላት፤ የአገሯ ጓሳ ነው። እዚያው ተወችው። ቅጠሉም ላዩ ላይ ረገፈበት፤ የእንስራዋም ውሃ ከሥሩ ማደር ጀመረ።

ሰንብታ ደብሪቱ ጓሳውን ገለጥ አድርጋ እጇን ከታች ሰደደች። መሬቱ ቀዝቅዟል፣ ረጥቧል፣ የተራራ ጠዋት ይሸታል። እጇን ማውጣት አቃታት። እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች። ቀና ስትል አስታዋ ለጋ ቅጠል አውጥታለች።

ከዚያ ወዲህ ደብሪቱ ግቢዋን በሌላ መጥረጊያ ትጠርጋለች፤ አስታዋ ሥር ስትደርስ ግን ታልፈዋለች።

"ምነው ደብሪቱ፣ ሰነፍሽ?" ይላታል ጎረቤት።

"እሱ አይጠረግም፤ አገሬ ነው" ትላለች።

አስታዋ ረጅም አልሆነችም። ጉሙም አልመጣላትም፤ ናፍቆቷም አልለቀቃት። ኖረች ግን። መጥረጊያው ሥሯ ላይ ቀስ እያለ አፈር ሆነላት።

እኔ ተረቴን እዚህ አስቀመጥኩት፤ እናንተ ደግሞ ይህን ይዛችሁ ግቡ፦ ከአገሩ የራቀ ሰው አገሬን አምጡልኝ አይልም። ለመኖር፣ ከእግሩ ሥር ጥቂት ብርድ ቢተዉለት ይበቃዋል።