ስምንተኛዋ ትቆይ

እስቲ ጠጋ በሉ። አንተ፣ ሳቅህን ዋጥ አድርግና ስማ! ድሮ ድሮ፣ ሰው ሰዓቱን በጥላው በሚለካበት ዘመን፣ በሾላ አምባ መንደር መምህር ይኸይስ የሚባል ሰው ነበረ። አንድ ኮት ነበረው፤ እሷኑ ክረምት ከበጋ ይለብሳታል። ትምህርት ቤቱም አንድ ክፍል ናት፣ መቀመጫው ድንጋይ።

ከእሱ በፊት የነበረው አስተማሪ ማባዛትን በአለንጋ ነበር የሚያስተምር። ልጆቹ ቁጥሩን እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አያውቁም። ይኸይስ አለንጋውን ጣራው ላይ ሰክቶ ተረት ጀመረ። አባቶች ይህን ሰምተው፣ "ልጆቻችንን ለተረት ነው እንዴ የላክን?" እያሉ አጉረመረሙ።

መጀመሪያ ስለ በሬ ተረከ። አንድ ጥማድ ሁለት በሬ ነው። ሁለት ጥማድ አራት በሬ ነው። "ሦስት ጥማድስ?" ሲል አንዱ ብድግ ብሎ "አምስት!" አለ። ለምን ቢለው፣ "የአያ ደምለው አንዱ በሬ ሞቷል" አለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይኸይስም አብሮ ሳቀና "እንግዲያው ከጎረቤት እንዋስለት" አለ። ስድስት ሆነ። ከዚያ ወዲያ የሁለት ማባዣ ማንንም አልጠፋው።

ከልጆቹ መካከል አንጓች የምትባል ነበረች፤ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ። ሽማግሌዎች ወደ አባቷ ወደ ቢተው መጥተው ለትዳር ጠይቀዋታል። ቢተውም "እስከ ሰኔ ማባዛት ከቻለች ትማራለች፤ ካልቻለች በጥር እድራታለሁ" ብሎ ቃል ሰጥቷል። ይኸይስም ይህን ሰምቷል። እንደ ልጁ ነበር የሚያያት፣ ምን ልበላችሁ።

የሦስት ማባዣ ላይ ሲደርሱ የሙሽሮች ተረት አመጣ። አንዷ ሙሽራ ተዳረች፤ ሦስት ጉልቻ ጎለተች። ሁለተኛዋ ተዳረች፤ ስድስት ጉልቻ ሆነ። ሦስተኛዋ ተዳረች፤ ዘጠኝ ሆነ። ልጆቹ ጠጠር እየደረደሩ፣ እልል እያሉ ሰባተኛዋን ዳሩ። ሃያ አንድ። ስምንተኛዋ ላይ አንጓች ሦስቱን ጠጠር ጨብጣ ቀረች። ስንት ሆነ ቢላት "ሃያ አንድ" አለች። በማግሥቱም ሃያ አንድ። በሳምንቱም ሃያ አንድ። የአራቱንና የአምስቱን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች፤ እዚህች ላይ ግን ድርቅ! ይኸይስ "ምን ነካት ይቺ ልጅ?" እያለ ተጨነቀ።

ሰኔ መጣ። ቢተው ከሽማግሌዎቹ ጋር ትምህርት ቤቱ ደጅ ካለው ሾላ ሥር ተቀመጠና ይኸይስን "በል ጠይቃት፤ እኛም እንስማ" አለው። የሁለቱን ጠየቃት፣ መለሰች። የአራቱን ጠየቃት፣ መለሰች። የሦስቱን ሊዘለው አሰበ። ቢተው ግን የዋዛ ሰው አይደለም፤ "የሦስቱስ የት ሄደ?" አለ።

ይኸይስ እየፈራ ጠየቃት። ስምንት ጊዜ ሦስት።

"ሃያ አንድ" አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ቢተው "በቃ!" ብሎ በትሩን ይዞ ተነሣ። ይኸይስ እንባው መጣ። ልጅቷ ፊት ተንበርክኮ "ልጄ፣ የስምንተኛዋን ጉልቻ ማን ወሰደው?" አላት።

"ማንም አልወሰደው፣ የኔታ። ስምንተኛዋ እኔ ነኝ። እኔ ገና ነኝ።"

ወይ ጉድ! ይኸይስ በገዛ ተረቱ አፈረ። ያን ሁሉ ቀን እልል እያለ ሲድር የነበረው ለካ እሷኑ ነው። ቢተውም እንደ ቆመ ቀረ። ልጁን አያት። ሦስት ጠጠር ጨብጣለች፤ ጣቶቿ ትንንሽ ናቸው። ተመልሶ ተቀመጠና ሽማግሌዎቹን ሳያይ "ስምንተኛዋ ትቆይ" አለ።

አንጓች ጠጠሮቹን አንድ በአንድ መሬት ላይ አስቀመጠች። "እንግዲያው ሃያ አራት ነው፣ አባዬ" አለች።

ይኸው እስከ ዛሬ በሾላ አምባ፣ ተማሪ ልጅ ለትዳር ስትጠየቅ አባትየው ሰበብ አያበዛም። "ስምንተኛዋ ትቆይ" ይላል፤ ሽማግሌዎቹም ሳይቀየሙ ይነሣሉ። በትምህርት ቤቱም ልጆቹ የሦስቱን ሲደግሙ፣ "ሰባት ጊዜ ሦስት ሃያ አንድ" ብለው ጸጥ ይላሉ። አስተማሪው አይቆጣም። ትንፋሽ ይወስዳሉ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ድምፅ ሃያ አራት ይላሉ።