ማንም ያላማው ሐይቅ

ተረት ላውጋችሁ፤ እናንተም ጆሯችሁን ስጡኝ።

በአንድ ሩቅ በረሃ ሦስት ሐይቆች ነበሩ። በመጀመሪያው ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሽመላዎች ዓሣ ቢያንስባቸው፣ ሌሎቹን አይቶ እንዲነግራቸው አንድ ጎልማሳ ሽመላ ላኩ።

የሁለተኛው ሐይቅ ዓሣ ጭቃ ጭቃ አለው፤ ተፍቶት አለፈ። የሦስተኛው ግን ወፍራም ነው፤ ሲቀርቡትም አይሸሽም። ሽመላው ዳር ላይ የተቀመጠችውን ኤሊ፣ "እመት ኤሊ፣ ይህን ሁሉ ዓሣ የሚያጠምድ የለም?" አላት።

"ብዙዎች ሲገቡ አይቻለሁ፤ ሲወጡ ግን አላየሁም። ተመለስ ልጄ" አለችው።

"ጥጋብ ይዟቸው ይሆናላ!" ብሎ ሳቀና እስከ ጉልበቱ ገባ። ውኃው ውስጥ ያደፈጠ አዞ ከሥር እግሩን ያዘው። ጩኸቱን ከኤሊዋ በቀር የሰማ አልነበረም።

ሽመላዎቹ ቢጠብቁት ቀረ። ሚስቱ፣ "አንድ ነገር ቢያገኘው ነው እንጂ ልጆቹን አይተውም!" ብላ አለቀሰች።

"ምን ያስለቅስሻል?" አሏት ሽማግሌው ሽመላ። "ሁለተኛውን ሐይቅ የማያማርር የለም። ሦስተኛውን ግን ተመልሶ ያማው የለም። ቢመቸው ነው የቀረው።"

በማግስቱ ሁሉም ጫጩቶቻቸውን አስከትለው ወደ ሦስተኛው ሐይቅ በረሩ። ሚስቱም ብቻዋን መቅረት ፈርታ ከኋላ ተከተለቻቸው።