የፊታውራሪው ጥርስ አቤት ሲል

ፊታውራሪ ይርዳው በራቸውን አዘግተው፣ «ደጄ ላይ አቤት እያለ የሚጮህ ይገረፋል!» የሚል አዋጅ አስነገሩ። ማር መላስ ሲያበዙ ግን ጥርሳቸውን አመማቸው። ጉንጫቸው ቢያብጥ ጥርስ በመንቀል የታወቀች አንዲት ባልቴት አስጠሩ።

«የታመመውን ለይተሽ ንቀይ፤ ስትለዪው ካስጮኽሽኝ ግን ትገረፊያለሽ!» አሏት።

ባልቴቷ ጉጠቷን መልሳ ከመቀነቷ ሻጠች።

«ጌታዬ፣ ጥርስን አንድ በአንድ መታ መታ ሲያደርጉት የታመመው የሚታወቀው ሲያስጮህ ነው። በደጅዎ የተበደለ አይጮህም። በአፍዎም የታመመ እንዳይጮህ ከከለከሉ፣ ደህናውን ነቅዬ በሽተኛውን ትቼልዎት እሄዳለሁ።»

ፊታውራሪው ሳይወዱ ሳቁ፤ ሳቁም አሳመማቸው። ጉንጫቸውን እንደያዙ መጀመሪያ በራቸውን አስከፈቱ፤ ቀጥለው አፋቸውን ከፈቱ።